ያረጀ ኮምፒዩተር ከመረብ ሲለይ፦ የብልሽት ፍለጋ ሥርዓትና የባለሙያው ኃላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አዲስ ኮምፒዩተር ከመረብ ጋር አልገናኝ ሲል ነገሩ እምብዛም አያከራክርም፤ የዋስትናው ጊዜ ስላላለፈ ለሻጩ ይመለሳል፣ ወይም በሌላ ይተካል። ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ ኮምፒዩተር አልገናኝ ሲል ግን ሁለት ፍርዶች ተሽቀዳድመው ይሰማሉ። አንደኛው «ጊዜው አልፎበታል፤ ይጣል» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «በማናቸውም መንገድ ይገናኝ» የሚል ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ሁለቱም ፍርዶች ያለ ምርመራ ሲሰጡ ጉዳት የሚያስከትሉ መሆናቸውን ማስረዳትና፣ በሁለቱ መካከል ያለውን የሙያ መንገድ በቅደም ተከተል ማሳየት ነው።

አሮጌ ኮምፒዩተር በሥራ ላይ የሚቆየው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም። አንድ የላቦራቶሪ መመርመሪያ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ተገዝቶ፣ የሚያሠራው ፕሮግራም ለዊንዶውስ ኤክስፒ ብቻ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። መመርመሪያው ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ሆኖ ሳለ፣ ኮምፒዩተሩ ስላረጀ ብቻ ሁለቱንም መጣል የሚያስከትለው ወጪ ከፍ ያለ ነው። እንደዚሁም የሒሳብ መዝገብ የተያዘበት ፕሮግራም ሠሪው ድርጅት ከተዘጋ ወዲህ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር የማይዛወርበት ጊዜ አለ። በእርዳታ ወይም በዘመድ እጅ ከውጭ አገር የመጡ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችም በየትምህርት ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ይገኛሉ። ስለዚህ የአሮጌ ኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያው የሚንቀው ሥራ ሊሆን አይገባም።

ለግልጽነት ሲባል በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ምሳሌዎቹም በአብዛኛው በ2001 ወጥቶ የሠሪው ድጋፍ ሚያዝያ (ኤፕሪል) 8 ቀን 2014 ካበቃለት ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የተወሰዱ ናቸው።

ሀ. መበላሸትና ወደ ኋላ መቅረት

የምርመራው የመጀመሪያ ቁም ነገር ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ነው። አንድ መሣሪያ ተበላሸ የሚባለው ትናንት ይሠራ የነበረ አንድ አካሉ ዛሬ ሥራውን ሲያቆም ነው፤ ይኸውም ሽቦ ሲበጠስ፣ ካርድ ሲቃጠል፣ ባትሪ ሲያልቅ፣ ወይም ፋይል ሲጠፋ ነው። ወደ ኋላ ቀረ የሚባለው ግን መሣሪያው ከፋብሪካ እንደ ወጣበት ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ በዙሪያው ያሉት መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ሲለወጥ ነው።

በተጠቃሚው ዓይን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የሁለቱም ምልክት «አይገናኝም» የሚል ነው። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ለተበላሸው ምትክ ዕቃ ይፈለግለታል፤ ወደ ኋላ ለቀረው ግን የሚያስፈልገው አስተርጓሚ ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ጠጋኝ ጤነኛውን ካርድ ነቅሎ ሌላ ይተክላል፤ ያም አልሠራ ሲለው ዲስኩን አጥፍቶ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እንደገና ይጭናል። በዚህ ጊዜ የመጫኛ ዲስኩ ከጠፋ ብዙ ዓመት የሆነው ያ አንድ ለእናቱ የሆነ ፕሮግራም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች ከፍተኛው ያለ ምርመራ በሚደረግ ጥገና ሊደርስ ይችላል። የመጀመሪያው ደንብም ከዚሁ ይመነጫል፤ ዲስኩ ሳይገለበጥና ቅጂው በሌላ ሥፍራ ሳይቀመጥ በኮምፒዩተሩ ላይ አንዳች ለውጥ አይደረግም።

ለ. ከመሣሪያው በፊት ተጠቃሚው

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል ለዚህም ሙያ ይሠራል። ባለሙያው ክዳን ከመክፈቱ በፊት ተጠቃሚውን በትሕትና ሊጠይቅ ይገባል። ግንኙነቱ የተቋረጠው መቼ ነው? በአንድ ጊዜ ነው ወይስ እያዘገመ? በአጠገቡ ያሉት ኮምፒዩተሮች ይሠራሉን? ከመቋረጡ በፊት ጠረጴዛው ተነሥቷልን? መብራት ጠፍቶ ነበርን? በመሥሪያ ቤቱ አዲስ ራውተር ተተክሏልን? የምስጢር ቃል ተቀይሯልን?

እነዚህ ጥያቄዎች ቀላል ቢመስሉም ፍለጋውን በእጅጉ ያሳጥራሉ። ሁሉም ኮምፒዩተሮች በአንድ ጊዜ ከተቋረጡ ችግሩ ከአሮጌው ኮምፒዩተር ውጭ ነው። አሮጌው ብቻ ከተቋረጠና ይህም የሆነው ጠረጴዛው በተነሣበት ቀን ከሆነ ሽቦው ይጠረጠራል። አሮጌው ብቻ ከተቋረጠና ይህም የሆነው አዲስ ራውተር በተተከለበት ቀን ከሆነ ግን፣ ኮምፒዩተሩ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚለው ግምት ይበረታል። ማለዳ ላይ አልሠራ ብሎ ከቀትር በኋላ የሚሠራ፣ ወይም ሌሎች ሠራተኞች ሲገቡ የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ ወደ ፊት እንደሚገለጸው ሰዓቱና አድራሻው ይመረመራሉ።

ጥያቄው ሲያበቃ ሁለት ደንቦች ይያዛሉ። አንደኛው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ገመዱንም ካርዱንም አድራሻውንም በአንድ ላይ የለወጠ ሰው ግንኙነቱ ቢመለስ እንኳ የመለሰው የትኛው እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልም። ሁለተኛው፣ የተለወጠው ነገር ካልረዳ ወደ ነበረበት መመለስ ነው። ይህ ካልተደረገ ከመጀመሪያው ብልሽት ላይ ጠጋኙ ራሱ የፈጠራቸው ብልሽቶች ይደረባሉ።

ሐ. ከሽቦው መጀመር

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1984 ባወጣው ሞዴል መሠረት የኮምፒዩተሮች ግንኙነት በሰባት ደርቦች ይከፈላል። ለጥገና ሠራተኛው ከቁጥሩ ይልቅ ሐሳቡ ይጠቅመዋል። ላይኛው ደርብ በታችኛው ላይ የቆመ ስለሆነ መሠረቱ ሳይመረመር ጣሪያው አይጠገንም። መሠረቱም ሽቦው ነው።

በኮምፒዩተሩ ጀርባ ከገመዱ መሰኪያ አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት የመጀመሪያዋ ምስክር ናት። መብራቷ ካልበራች ስለ አድራሻም ሆነ ስለ ፕሮግራም መነጋገር ጊዜ ማባከን ነው። መጀመሪያ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሥራቱ በተረጋገጠ ገመድ ይሞከራል፤ ቀጥሎ በስዊቹ ላይ ሌላ ቀዳዳ ይሞከራል፤ ካርዱ የሚጠረጠረው ከነዚህ በኋላ ነው። የመሰኪያው ምላስ ተሰብሮ ገመዱ ሲነካ የሚወልቅበት፣ ከወንበር እግር ሥር የተደፈጠጠበት፣ ወይም አይጥ የበላው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የስልክ መሰኪያ ጠባብ ቢሆንም በመረቡ ቀዳዳ ውስጥ ስለሚገባ፣ አንድ ሰው በስሕተት ሰክቶት የውስጡን ቀጫጭን ብረቶች አጣምሞ ሊሆንም ይችላል።

ገመዱ ስምንት ሽቦዎች አሉት። በሴኮንድ 10 እና 100 ሜጋቢት የሚሠሩት የተለመዱት የኤተርኔት ዓይነቶች ከስምንቱ የሚጠቀሙት በአራቱ፣ ማለትም በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ነው። በ1999 የጸደቀው ባለ 1000 ሜጋቢቱ ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። በዚህም ምክንያት አንድ ገመድ በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ያለ እንከን እየሠራ በአዲሱ ላይ ሊያስቸግር ይችላል። «ይህ ገመድ በአንዱ ላይ ስለ ሠራ ደኅና ነው» የሚለው ፍርድ ስለዚህ አያስተማምንም። የገመዱ ርዝመትም ከ100 ሜትር እንዳያልፍ ደረጃው ይወስናል።

መብራቷ በርታም ግንኙነቱ እጅግ የሚያዘግም ከሆነ ሌላ የአሮጌ መሣሪያዎች ሕመም ይጠረጠራል። ቀድሞ የአንዳንድ ካርዶችና ስዊቾች የፍጥነት ስምምነት አስተማማኝ ስላልነበረ፣ ባለሙያዎች ካርዱን በእጅ «100 ሜጋቢት፣ በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ» በሚለው ላይ ያስሩት ነበር። ከዓመታት በኋላ ስዊቹ ሲለወጥ አዲሱ ስዊች በራሱ ለመስማማት ይሞክራል። ካርዱ ግን የተወሰነለትን ይዞ አይመልስለትም። በዚህ ጊዜ ስዊቹ ፍጥነቱን ከሚሰማው ምልክት ይረዳል፤ የአቅጣጫውን ነገር ግን ሊያውቅ ስለማይችል በደንቡ መሠረት «በየተራ» የሚለውን ይመርጣል። አንዱ ወገን ተራ እየጠበቀ ሌላው ሳይጠብቅ ሲናገር መልእክቶች ይጋጫሉ። ትንሽ መልእክት ያልፋል፤ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን ግንኙነቱ ይንገታገታል። መድኃኒቱ ምንም ዕቃ መግዛት ሳያስፈልግ ሁለቱንም ወገኖች ወደ ራስ ገዝ ስምምነት መመለስ ነው።

መ. አድራሻና ስም

ሽቦው ደኅና ከሆነ ቀጥሎ የሚመረመረው የኮምፒዩተሩ አድራሻ ነው። ዛሬ በአብዛኛው መሥሪያ ቤት አድራሻ የሚያድለው ራውተሩ ወይም ሰርቨሩ ነው። ዊንዶውስ 98ና ከዚያ ወዲህ የመጡት አድራሻ ጠይቀው መልስ ሲያጡ ለራሳቸው በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ይሰጣሉ። ይህን ቁጥር ያየ ባለሙያ «ኮምፒዩተሩ አድራሻ አለው» ብሎ ማለፍ የለበትም፤ ትርጉሙ «ጠየቅሁ፤ የመለሰልኝ የለም» ማለት ነውና። በዚህ ጊዜ ወደ ሽቦው፣ ወደ ካርዱ ድራይቨርና ወደ አዳዩ መሣሪያ ይመለሳል።

ከዚህ የተለየው ሁኔታ ከብዙ ዓመት በፊት ለኮምፒዩተሩ በእጅ የተጻፈለት ቋሚ አድራሻ ነው። የጻፈለት ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱን ለቆ ሄዷል፤ በመዝገብም አላኖረውም። አዲሱ ራውተር ይህን ስለማያውቅ ያንኑ ቁጥር ለአንድ ሠራተኛ ስልክ ይሰጣል። ሠራተኛው ማለዳ ሲገባ አሮጌው ኮምፒዩተር ይቋረጣል፤ ማታ ሲወጣ ይመለሳል። በአንድ ቁጥር ሁለት ባለቤቶች መኖራቸው እስኪታወቅ ድረስ ካርዱም ገመዱም በከንቱ ይለወጣሉ።

የአድራሻውን ነገር ለመለየት ማይክ ሙስ የተባለው አሜሪካዊ በዲሴምበር 1983 የጻፈው «ፒንግ» የተባለ ትንሽ ፕሮግራም እስከ ዛሬ ተወዳዳሪ የለውም። ፕሮግራሙ ስሙን ያገኘው ባሕር ሰርጓጅ መርከብን በድምፅ ከሚፈልገው መሣሪያ ሲሆን፣ አሠራሩም እንደዚያው ድምፅ ሰዶ የገደል ማሚቶውን መጠበቅ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ 127.0.0.1 ይጠራል፤ ይህ ኮምፒዩተሩ ራሱን የሚጠራበት ቁጥር ስለሆነ መልስ ካልመጣ የውስጡ ሶፍትዌር ተጎድቷል። ሁለተኛ የኮምፒዩተሩ የራሱ አድራሻ፣ ሦስተኛ ራውተሩ፣ አራተኛ በሩቅ ያለ ሌላ ኮምፒዩተር በቁጥሩ፣ አምስተኛ ያው የሩቁ ኮምፒዩተር በስሙ ይጠራል። መልሱ የተቋረጠበት ደረጃ ብልሽቱ የት እንዳለ ይጠቁማል። በቁጥር ሲጠራ እየመለሰ በስም ሲጠራ የማይገኝ ከሆነ ገመድ መንቀል አያስፈልግም፤ የጎደለው ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው አገልግሎት ነው።

ይሁን እንጂ ዝምታ ሁልጊዜ ሞት አይደለም። አንዳንድ ኮምፒዩተሮች ለዚህ ጥሪ እንዳይመልሱ ተደርገው የተዘጋጁ ናቸው። በ2004 የወጣው የዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለተኛ የአገልግሎት እሽግም መከላከያ አጥሩን፣ ማለትም ፋየርዎሉን፣ በራሱ ስለሚያበራ ከዚያ በፊት ይመልሱ የነበሩ ኮምፒዩተሮች ዝም ብለዋል። ስለዚህ ከአንድ ጥሪ ዝምታ ተነሥቶ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም።

ሠ. ሰዓቱና የዘመን አቆጣጠሩ

በአሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ምክንያት ሰዓት ነው። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን የምታቆይለት በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለች የሳንቲም መጠን ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። ባትሪዋ ስታልቅ ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር ቀኑ ፋብሪካው ወደ ወሰነው ዓመት ይመለሳል። ማታ ማታ ሶኬቱ በሚነቀልበት መሥሪያ ቤት ብልሽቱ በየማለዳው ይታያል። አንድ ሠራተኛ ቀኑን ሲያስተካክል ይጠፋል፤ በማግሥቱ ደግሞ ይመለሳል።

የቀን መሳሳት ግንኙነትን የሚያግደው በሚከተለው ምክንያት ነው። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት የምስክር ወረቀት ያቀርባል፤ ወረቀቱም የሚጸናበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ተጽፎበታል። ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ በይፋ የታመኑ ሰጪዎች የሚሰጡት የምስክር ወረቀት ከ398 ቀን በላይ አይጸናም። የኮምፒዩተሩ ሰዓት ከዚህ ክልል ውጭ ከሆነ ብራውዘሩ ወረቀቱን ውድቅ ያደርገዋል። ሽቦው፣ አድራሻውና ስሙ ሁሉ ደኅና ሆነው ገጹ አይከፈትም።

በኢትዮጵያ ይህ ብልሽት የራሱ የሆነ መልክ አለው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓውያኑ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚያንስ፣ ዓመቱን እንደ አገሩ ልማድ በቅን ልቦና የጻፈ ተጠቃሚ ኮምፒዩተሩን በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2016 ብሎ ሲሞላ መሣሪያው የሚረዳው የአውሮፓውያኑን 2016 ነው። በዚህ ጊዜ የሚቀርብለት የምስክር ወረቀት ሁሉ «ገና ያልጸና» ይሆንበታል። ከ398 ቀን የማይበልጥ ዕድሜ ያለው ወረቀት የሰባት ዓመትን ልዩነት በምንም መንገድ ሊሸፍን አይችልም።

የሰዓቱም አቆጣጠር እንደዚሁ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን «2» ብሎ የሞላ ሰው ኮምፒዩተሩን ስድስት ሰዓት ያዘገየዋል። ድረ ገጽ ለመክፈት ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ነገር ግን በዊንዶውስ መረብ ውስጥ የተጠቃሚን ማንነት የሚያረጋግጠው ኬርቤሮስ የተባለው ሥርዓት፣ ሌላ ካልተወሰነለት በቀር፣ ከ5 ደቂቃ የበለጠ የሰዓት ልዩነትን አይቀበልም። ተጠቃሚው ትክክለኛውን የምስጢር ቃል እየጻፈ ይመለሳል። የሚሻለው ኮምፒዩተሩን በአውሮፓውያን ቀንና ሰዓት፣ በናይሮቢ የሰዓት ክልል ማቆየት፣ ሰዓቱንም ከመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር እንዲወስድ ማድረግ፣ ለተጠቃሚው ደግሞ ምክንያቱን ሳያፍር እንዲቀበለው አድርጎ ማስረዳት ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ወጪ የአንዲት ባትሪ ዋጋ ነው።

ረ. የተለወጠው ቋንቋ

ሽቦው፣ አድራሻው፣ ስሙና ሰዓቱ ሁሉ ተመርምረው ደኅና ሆነው ከተገኙ፣ ኮምፒዩተሩ ወደ ኋላ የቀረ መሆኑ ሊታመን ይችላል። የቀረበትም ደርብ አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው ያለ ሽቦ የሚደረገው ግንኙነት ነው። የዋይፋይ የምስጢር መጠበቂያ «ደብልዩ.ኢ.ፒ.» ከሚባለው በ2003 ወደ «ደብልዩ.ፒ.ኤ.»፣ በ2004 ወደ ሁለተኛው፣ በ2018 ወደ ሦስተኛው ዓይነት ተሸጋግሯል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲወጣ ሁለተኛውን አያውቀውም ነበር፤ ተጨማሪው የመጣለት በ2005 ሲሆን፣ በ2008 በወጣው ሦስተኛ የአገልግሎት እሽግ ውስጥ ተካትቷል። እሽጉ ያልተጫነለት ኮምፒዩተር የምስጢር ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ሊገባ አይችልም። ከዚህም በላይ አሮጌዎቹ ካርዶች ብዙዎቹ የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድን ብቻ ስለሚሰሙ በ5 ጊጋኸርትዝ የሚናገር ራውተር ለነርሱ የለም ማለት ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ካርዶች ደግሞ በተለምዶ ከ1ኛው እስከ 11ኛው ያሉትን መስመሮች ብቻ ይሰማሉ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ኮምፒዩተር ራውተሩ በ13ኛው መስመር ላይ ሲሆን ጨርሶ ላያየው ይችላል። መድኃኒቱ የራውተሩን መስመር ከ1 እስከ 11 ባለው ውስጥ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ድረ ገጾች የሚናገሩበት «ቲ.ኤል.ኤስ.» የተባለው የምስጢር ቋንቋ ነው። የ1999ኙ 1.0 ዓይነት በ2008 በወጣው 1.2 እና በ2018 በወጣው 1.3 ተተክቷል። በማርች 2021 የኢንተርኔት ምሕንድስና ግብረ ኃይል 1.0ንና 1.1ን ከአገልግሎት እንዲወጡ አድርጓል። በመደበኛው ዊንዶውስ ኤክስፒ ውስጥ የተሠራው መሣሪያ ከ1.0 አያልፍም። እንደዚሁም የብዙ ድረ ገጾች ምስክርነት ይደገፍበት የነበረ «ዲ.ኤስ.ቲ. ሩት ሲኤ ኤክስ 3» የተባለ ሥር የምስክር ወረቀት ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ጊዜው ሲያበቃ፣ አዲሱ ሥር ያልተጨመረላቸው አሮጌ መሣሪያዎች በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ገጾችን መክፈት አቅቷቸዋል። ማለዳ ላይ የነካቸው ሰው አልነበረም፤ የተበላሸም ዕቃ አልነበረም። በዚህ ጊዜ አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ ያው ገጽ የራሱን የምስጢር ቋንቋ ይዞ በሚመጣ ሌላ ብራውዘር ይሞከራል። በአንዱ ተከፍቶ በሌላው ካልተከፈተ ከሽቦው እስከ ስሙ ያለው ሁሉ ደኅና መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው።

ሦስተኛው ኮምፒዩተሮች ፋይል የሚካፈሉበት ቋንቋ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚያውቀው «ኤስ.ኤም.ቢ. 1» የተባለውን ብቻ ነው። ከ2017 መጨረሻ ወዲህ የወጡት የዊንዶውስ 10 ዓይነቶች ግን እንደ አዲስ ሲጫኑ ይህን ቋንቋ ትተው ይጫናሉ። አዲስ ሰርቨር በተተከለ ማግሥት አሮጌው ኮምፒዩተር ፋይሎቹን ማየት የሚያቆመው በዚህ ምክንያት ነው። የባለሙያው ኃላፊነት ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው።

ሰ. መገናኘት የማይገባው ጊዜ

በሰርቨሩ ላይ አንዲት ምልክት በማድረግ አሮጌው ቋንቋ ሊመለስ ይችላል። ሥራው ደቂቃ አይፈጅም፤ ተጠቃሚው ይደሰታል፤ ጠጋኙም ይመሰገናል። ይሁን እንጂ የተከፈተው በር ለአንድ ኮምፒዩተር ብቻ የተከፈተ አይደለም።

ሜይ 12 ቀን 2017 «ዋናክራይ» የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በዚሁ በኤስ.ኤም.ቢ. 1 ውስጥ በነበረ ቀዳዳ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እየዘለለ ቢያንስ በ150 አገሮች ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮችን አጠቃ፤ ፋይሎቻቸውንም ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ከ236 የሆስፒታል አስተዳደሮች ቢያንስ 80ዎቹ ጉዳት ደረሰባቸው። የመንግሥቱ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባወጣው ዘገባ መሠረት 6,912 የሕክምና ቀጠሮዎች መሰረዛቸው የታወቀ ሲሆን፣ ጠቅላላው ከ19,000 እንደሚበልጥ ተገምቷል። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ የወጣው በማርች 2017፣ ማለትም ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነበር። በዚያ ጊዜ ከተጠቁት የሚበዙት ዊንዶውስ 7 የነበራቸውና ማስተካከያው ያልተጫነላቸው እንጂ ኤክስፒ የነበራቸው አልነበሩም። ስለዚህ አደጋው የሚለካው በኮምፒዩተሩ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን በሚደረግለት ጥበቃም ነው። ሠሪው ድጋፍ ያቆመለት ኮምፒዩተር ግን ወደ ፊት ለሚገኝበት ቀዳዳ መድኃኒት የመጠበቅ መብት እንኳ የለውም።

ከዚህ የተነሣ ለአሮጌው ኮምፒዩተር ሲባል የሌሎቹን ሁሉ ጥበቃ ዝቅ ማድረግ ጥገና ሊባል አይችልም። አንድ የላቦራቶሪ ኮምፒዩተር ውጤቱን ወደ መዝገብ ቤት ለመላክ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው አንድ መንገድ ወደ አንድ ሥፍራ ብቻ ነው። ስለዚህ በተለየ የመረብ ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ፣ በመከላከያ አጥሩም ከተፈቀደለት አንድ አድራሻ በቀር ሌላውን ሁሉ ሊከለከል ይችላል። ከዚህም የሚሻለው ሁለት የመረብ ካርዶች ያሉትን፣ በየጊዜው የሚታደስ አንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር በመካከል ማቆም ነው። ይህ መካከለኛ በአንዱ ካርድ ከአሮጌው ጋር በአሮጌው ቋንቋ፣ በሌላው ካርድ ከሰርቨሩ ጋር በአዲሱ ቋንቋ ይነጋገራል፤ ሁለቱ ግን በቀጥታ አይተያዩም። ቀደም ብሎ «አስተርጓሚ» የተባለው ይኸው ነው።

ይህም የማይቻል ከሆነ ፋይሉ በእጅ ይወሰዳል። ፍላሽ ዲስክ ግን ከነገር ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በ2008 የታየው «ኮንፊከር» የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በመረብ ብቻ ሳይሆን በፍላሽ ዲስክም እየተላለፈ እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮችን ይዟል። ለዚሁ ሥራ ብቻ የተለየ፣ በሄደ በመጣ ቁጥር የሚመረመር አንድ ፍላሽ ዲስክ መመደብ ይገባል።

ከነዚህ አንዱም የማይሆንበት ጊዜ ካለ ባለሙያው «ይህ ኮምፒዩተር ሊገናኝ ይችላል፤ መገናኘት ግን አይገባውም» ብሎ ለኃላፊው በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ይህን መናገር ቀላል አይደለም። የሥራ ኃላፊው የሚጠብቀው የግንኙነቱን መመለስ ነው፤ አልመለስም የሚል ባለሙያም እንዳልቻለ ሊቆጠርበት ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉ ምን እንደተመረመረ፣ በየትኛው ደርብ ላይ ምን እንደተገኘ፣ ኮምፒዩተሩ የተበላሸ ወይስ ወደ ኋላ የቀረ መሆኑን፣ ቢገናኝ በማን ላይ ምን አደጋ እንደሚመጣ፣ በምትኩም ምን መንገድ እንዳለ በግልጽ ሊዘረዝር ይገባል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲቀርብ ውሳኔው ከግምት ወጥቶ በማስረጃ ላይ ይቆማል፤ ኃላፊነቱም ለሚገባው ሰው ይደርሳል።

በመጨረሻም እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለያንዳንዱ አሮጌ ኮምፒዩተር አንድ ገጽ መዝገብ ቢይዝ እጅግ ይጠቀማል። በገጹ ላይ አድራሻው፣ የካርዱ ዓይነት፣ የድራይቨሩና የመጫኛ ዲስኩ መገኛ፣ ባትሪዋ የተለወጠችበት ቀን፣ በእጅ የታሰረ ነገር ካለ ያም፣ የመጨረሻው የዲስክ ቅጂ የተወሰደበት ቀንና የሚነጋገርበት ቋንቋ ይጻፋል። ከላይ ከተዘረዘሩት ብልሽቶች ብዙዎቹ ለፍለጋ ረጅም ጊዜ የሚፈጁት ቀድሞ የሠራው ሰው ያደረገውን ጽፎ ስላላስቀመጠ ነው። ሠራተኛ ይዛወራል፤ ራውተር ይለወጣል፤ የመረቡም ቋንቋ ወደ ፊት ደግሞ ይለወጣል። ዛሬ አዲስ ሆነው የሚገዙት ኮምፒዩተሮችም ተራቸው ሲደርስ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባሉ፤ በዚያን ጊዜ ለሚመረምራቸው ባለሙያ የመጀመሪያውን መልስ የሚሰጠው ዛሬ የተጻፈው ያ አንድ ገጽ ነው።